እሳት ይችላል?

ኮቦ ገበያ ላይ ሳህን ሻጭን «እሳት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ የልጅቱን እናት «ልጅሽ ሙያ አላት ወይ?» እንደማለት ነው። መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «በደንብ እንጂ! ይሄማ ለእሳት የተፈጠረ ነው!» ብርጭቆው በደንብ ይችላል፤ ኤሜሉ በደንብ ይችላል፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ የተሣለበት ሜላሚንም፣ ሻጩ እንደሚለው ከሆነ፣ በደንብ ይችላል። ትንሽ ገፋ አድርገው ቢጠይቁት ዕቃው የተዘረጋበት ሸራም ሳይችል አይቀርም። እኔ አልፈርድበትም። እሱ እሳት ሲል ትኩስ ሽሮ የሚገለበጥበትን ሳህን ያስባል፤ ጠያቂዋ ደግሞ 180 ዲግሪ የሞላውን ኦቨን። ሁለቱም ስለ አንድ እሳት የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ዋጋ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ጠቡ የሚመጣው ማታ ነው።

ጥያቄው ራሱ ለአገሩ አዲስ ነው። በእኛ ቤት እሳት የሚነካውና የማይነካው ዕቃ ድንበሩ የታወቀ ነበር። ምጣድ፣ ድስትና ጀበና የእሳት ናቸው፤ ሳህን፣ ትሪና መሶብ የሰው ናቸው። ምግቡ ከወዲያ ወደዚህ ይሻገራል እንጂ ዕቃው ራሱ ድንበር አያቋርጥም። አሁን ግን ምግቡ በሳህኑ እንዳለ እሳት ይግባ፣ በዚያው ሳህን ይቅረብ፣ ያውም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይሁን የሚል ነገር መጥቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወልድያን አልፎ፣ በአስፋልት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ቤት የገባው ግን በጅዳ በኩል ነው።

ከራያ ቆላ ሳዑዲ የደረሰ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ልጆቹ ሲመለሱ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የሕፃን ልብስ፣ ከተሳካም ወርቅ ይዘው ይመጣሉ። የእህቴ ልጅ ሻንጣ ሲከፈት ግን በየሻሹና በየሹራቡ ተጠቅልለው ስድስት ነጫጭ ጎድጓዳ ሳህኖች ወጡ። ከሲኒ ይበልጣሉ፣ ከሾርባ ሳህን ያንሳሉ፣ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ነው። ሰው ቤት ስትሠራ የነበረች ጊዜ ማዳሟ አዲስ ስትገዛ አሮጌዎቹን ለእሷ ሰጥታት ነው። እህቴ አንዱን አነሣች፣ ገለበጠች፣ አየች፣ መልሳ ገለበጠች።

«ምንድን ነው ዓለሜ?»

«የመከሮና በሻሜል ነው እማ። ኦቨን ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ።»

«የየራሱ?» አለች እህቴ ደንግጣ። «ማን ከማን ተጣላ?»

ጥያቄዋ የቀልድ አልነበረም። በእኛ አገር ለብቻው የሚቀርብለት ሰው ሦስት ዓይነት ነው፤ የታመመ፣ ያኮረፈ ወይም መንገደኛ። ጤነኛ ሆኖ፣ ከሰው ታርቆ፣ ቤቱ ያለ ሰው ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ስድስት ሳህን ሲያይ ስድስት ቀብር ቢታየው አይፈረድበትም። ይህን ስል ትሪው ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ዶሮዋ 12 ብልት ስትወጣ ፈረሰኛው የአባወራው መሆኑን፣ አንገቱና ክንፉ ወደ ማን እንደሚያዘነብሉ ሕፃን ያውቃል። ትሪ አድልዎውን በወጥ ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። የግል ሳህን ጥፋቱ ሒሳቡን ግልጥልጥ ማድረጉ ነው። አንዱ ሳህን ላይ ሁለት እንቁላል፣ ሌላው ላይ አንድ ከተገኘ በጉርሻ ማድበስበስ የለም።

ለማንኛውም ሳህኑ ኦቨን ይገባል ከተባለ ኦቨን ያስፈልጋል። ኦቨንማ አለ። ከላይ አራት ምድጃ፣ ከታች ኦቨን ያለው ስቶቭ ገዝተው ያስቀመጡ የኮቦ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ታችኛው በር ሲከፈት ግን የሚወጣው የድስት ክዳን፣ ወንፊት፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬና ከልጆች የተደበቀ ብስኩት ነው። ኦቨን በእኛ ዘንድ በር ያለው መደርደሪያ ነው፤ አይጥ የማይከፍተው መሆኑ ደግሞ ትልቁ ሙያው ነው። ስለዚህ የመጋገር መጀመሪያው ዕቃ ማውጣት ነው። ሁለተኛው በርበሬው መውጣቱን ማረጋገጥ ነው። በርበሬው ሳይወጣ የተለኮሰ ቀን ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤት ሁሉ እያስነጠሰ «ደኅና ናችሁ?» ይላል።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ኮቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች የከለሏት ሜዳ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ እኩለ ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ኦቨን ውስጥ ያለ መከሮና ምን እንደሚሰማው ይገባዋል። የምግብ አሠራር መጻሕፍት «ኦቨኑን አስቀድመው ያሙቁ» ይላሉ፤ እዚህ ቤቱ አስቀድሞ ሞቋል። የኤሌክትሪክ ኦቨን ሲበራ ከሁለት ሺህ ዋት በላይ መሳቡ የተለመደ ነው። ጎረቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት «እኛም እንጋግር» ማለት መስመሩን መፈታተን ነው። መብራት ሲሄድ ምግቡ በግማሽ ብስለት ይቆማል። ወፍራም ዕቃ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላና ወፍራም ሴራሚክ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የኦቨኑ በር ካልተከፈተ ምግቡ ራሱን ትንሽ ይገፋል። ቀጭን ብረት ግን መብራቱን ተከትሎ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ሳህን የምትመርጠው ገልብጣ ነው። እኛ አበባውንና ወርቅማ ጠርዙን እናያለን፤ እሷ ቂጡን ታያለች። ከሥሩ የመጠጫ ብርጭቆና የሹካ ሥዕል የተቀረጸበት ዕቃ ሲያገኝ ብዙ ሰው «ይኸው፣ የማብሰያ ነው» ይላል። አይደለም። ያ ሥዕል ምግብ ቢነካው አይጎዳም ማለት ብቻ ነው፤ ላስቲክ ሳህን ላይም አለ። ሞገድ የሚመስሉት መስመሮች ማይክሮዌቭን ይመለከታሉ፤ ማይክሮዌቭ የቻለ ሁሉ ደግሞ ኦቨን አይችልም። የሚፈለገው የኦቨን ሥዕል ወይም በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ነው። የሻጭ መሐላ ቁጥር አይተካም። ወርቅማ ጠርዝ ያለውንማ ጭራሽ አታስጠጋም፤ ኦቨን ውስጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ይህን ስትነግረው አንዱ ሻጭ «እህቴ፣ ሳህን ልትገዢ ነው ወይስ ልትመረምሪው?» ብሏታል።

ብርጭቆ እሳት ውስጥ መግባቱ ለእህቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ኮርኒንግ ከሚባለው የብርጭቆ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጄሲ ሊትልተን ለባትሪ ማቀፊያ ከሚሠሩት ወፍራም የብርጭቆ ዕቃዎች ታች ታቹን አስቆርጦ ቤቱ ይዞ ሄደ። ባለቤቱ ቤሲ ኬክ ጋገረችበት። ኬኩ ዙሪያውን እኩል በሰለ፣ ዕቃውም አልተሰነጠቀ። ፋብሪካው በ1915 ፓይሬክስ ብሎ ገበያ አወጣው። ባል ከመሥሪያ ቤት የባትሪ ዕቃ ቆርጦ ሲመጣ «ና እስቲ፣ ኬክ ልጋግርበት» የምትል ሚስት ለሳይንስ ትልቅ ጸጋ ናት። እኛ ጋ ቢሆን ዕቃውን ወርውራ ሰውየውን ጸበል ትወስደው ነበር።

የዚያ ብርጭቆ ምሥጢር ቦሮን ነው። ቦሮን የገባበት ብርጭቆ ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራውን ብርጭቆ ሲሶ ገደማ ነው። ብርጭቆ የሚሰበረው አንዱ ጎኑ ሞቆ ሲለጠጥ ሌላው ጎኑ ቀዝቅዞ «አልነቃነቅም» ሲል ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚያው በፓይሬክስ ስም የሚሸጠው የቤት ዕቃ ግን በሙቀት የጠነከረ ተራ ብርጭቆ ነው፤ ሲወድቅ የተሻለ ይችላል፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ላይ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ስም ብቻ አይበቃም።

የእኛ ማዕድ ቤት ደግሞ ለብርጭቆ ወጥመድ ነው። የጋለውን ዕቃ የምናነሣው በእርጥብ ጨርቅ ነው። የምናስቀምጠው ውሃ በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ ነው። ምግቡ ደረቅ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እናደርግበታለን። ብርጭቆ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን አይወድም፤ እኛ ሦስቱንም በአንድ ደቂቃ እናደርሳለን። መፍትሔው እንደ ዕድል ሆኖ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሏል፦ የጀበና ማቶት። ደረቅ ነው፣ ክብ ነው፣ ለአንድ ሰው ሳህን መጠኑ ልክ ነው። የእህቴ ልጅ ጅዳ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ከቡሽ የተሠራ መደገፊያ እንደሚገዛ ስትነግረን እናቷ «ማቶት በገንዘብ?» ብላ ለአገሩ አዘነች።

እህቴ ብርጭቆውን ወዳዋለች፤ ለኦቨን ሳይሆን ለቡፌ። ወልድያ ድረስ ተሄዶ የተገዙት ክዳን ያላቸው የብርጭቆ ሳህኖች በቀጥታ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ገብተው፣ ከሠርግ ፎቶዋና ከላስቲክ አበባዋ መሐል ተደረደሩ። እሳትም፣ ውሃም፣ እጅም አይነካቸውም። ዕቃ ከአደጋ ለማትረፍ ቡፌን የሚያህል የለም።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። ኤሜል ሳህን የሚናቅ አይደለም፤ በ800 ዲግሪ ገደማ ብርጭቆ የተለበጠበት ብረት ነው፣ የቤት ኦቨን አያስደነግጠውም። ጠርዙ ከተላላጠ ግን ይዝጋል፣ ልጣጩም ምግብ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ይሁን። ሜላሚን ለኦቨን አይሆንም፤ በቃ። የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ዳቦ መጋገር ልጅነታችን ነው፤ ግን ጣሳው ውስጡ የተቀባው ሽፋንና ውጪው ላይ ያለው ቀለም ለኦቨን ሙቀት አልተሠሩም። ዳቦው ከተበላ በኋላ ይህን መስማት ደስ አይልም፤ በልተን አድገናል።

ለእኔ፣ ኮቦ ላይ ለአንድ ሰው የሚጋገርበት ዕቃ ከተፈለገ፣ ጣባ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስትለውስ የተሰበረ ሸክላ ፈጭታ ትጨምርበታለች። ገሉ አንዴ እሳት የቀመሰ ስለሆነ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያሉ የሚተርቱ ሰዎች ገሉ ዞሮ ዞሮ እነሱም ድስት ውስጥ እንዳለ አያውቁም። ይህቺኑ ሴት ቡዳ ናት ብለው ሲሸሿት የኖሩም እነሱ ናቸው፤ ዓይኗን እየፈሩ የእጇን በሉ። በክፍት እሳት ሲተኮስ ከ600 ዲግሪ በላይ ያየ ጣባ 180 ዲግሪ ምኑ ነው!

ጣባ በዓይን አይመረጥም፣ በጆሮ ነው። ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጠው በጣት አንጓ ኳ ያደርጉታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ቤት ሲገባ ይሟሻል፤ ውሃ ጠጥቶ፣ ጎመን ወይም ቀጭን የዱቄት አጥሚት ተቀቅሎበት፣ ዘይት ተቀብቶ ይደርቃል። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ይዞ የጋለ ኦቨን ከገባ ውሃው ተን ሆኖ መውጫ ሲፈልግ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ደረቅ ጣባ፣ ቀዝቃዛ ኦቨን፤ ከዚያ አብረው ይሞቃሉ። ትንንሽ ጣቦችን አንድ የብረት ትሪ ላይ ደርድሮ ማስገባትም ይበጃል፤ ሲወጡ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ ወጡ ቢገነፍልም የሚገነፍለው ትሪው ላይ ነው።

መጠኑ ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር አልተስማማንም። የጅዳው ሳህን 200 ሚሊ ሊትር እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። አጎቴ በዚያ ሲቀርብለት በሁለት ማንኪያ ጨርሶ «ቅምሻው ጥሩ ነው፤ ራቱ መቼ ነው?» አለ። ለጣፋጭ ነገር ያ ይበቃል። ለራት ግን ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ ከላይ አንድ ጣት ባዶ የሚተው ዕቃ ካልሆነ የራያ ጎልማሳ ኩርፊያ ይጠራል። ትንሽና ጎድጓዳ ዕቃ ግን ለማሽላችን ያለውን ጥቅም አልክድም። ማሽላ እንደ ስንዴ ሊጡን ይዞ የሚያነሣ ሙጫ የለውም፤ ሰፊ ዕቃ ላይ ሲጋገር መሐሉ ይሰምጣል፣ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። በጠባብ ጣባ ግን ግድግዳው ይደግፈዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው ነው። እዚህ አገር ከተለቀቁት አቀንጭራ ከሚችሉ ዝርያዎች አንዱ ከጎረቤታችን ከጎብዬ ከተማ ጋር ሞክሼ ነው፤ ሁለተኛው አብሽር ይባላል። አቀንጭራን የቻለ ማሽላ ኦቨን ላይ እጅ ሲሰጥ ማየት ያሳዝናል፤ ጣባ ይገባዋል።

ደግሞስ የአንድ ሰው ዕቃ መች ጠፋና! ከአዲስ አበባ መቀሌ በሚያልፈው ጎዳና ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ተጋቢኖ እዘዙ። ሽሮው በትንሿ ጥቁር ሸክላ ውስጥ እየተንተከተከ፣ እየተፋ ይመጣል። ሸክላ ጥብስም ከሥሩ ፍም ይዞ ለብቻው ይቀርባል። ይህን የሚያዘው ማነው? የጭነት መኪና ሾፌር፣ ለሥራ የመጣ ሠራተኛ፣ አውቶቡስ ያመለጠው ተማሪ፤ መንገደኛ ነው። ሽሮዋ ትንሽ ናት፣ ሰውየውም ብቻውን ነው፤ ማንም «ማን ከማን ተጣላ?» አይለውም። ቤቱ ሲገባ ተመልሶ ትሪ ላይ ነው።

ከዚህም የከፋ መንገደኛ ነበር፦ ከአፋር በረሃ ጨው ጭኖ የሚወጣው የግመል ነጋዴ፣ ከብት ይዞ ቆላ ለቆላ የሚያድረው እረኛ። ድስትም፣ ምጣድም፣ ሳህንም አልያዘም። ብርኩታ ይጋግራል። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ፍም ውስጥ ቀብሮ እስኪግል ይጠብቃል። ዱቄቱን ቁርበት ላይ በጥቂት ውሃ ጠጠር አድርጎ ያቦካል። የጋለውን ድንጋይ በሁለት እንጨት ያወጣና ሊጡን ዙሪያውን ይለብጥበታል፤ ሊጡ ከውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል። ከዚያ እንደገና ፍምና ረመጥ ውስጥ ይከተዋል። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጪ ረመጡ ያበስሉታል። ሲገመስ ድንጋዩ ዱብ ይላል፣ አመዱ ይራገፋል፣ ቅርፊቱ ይቀረጠፋል። ዕቃው ምግቡ ውስጥ የገባበት ሌላ የመጋገር ዘዴ እኔ አላውቅም። የድንጋይ አመራረጡም የዋዛ አይደለም፤ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ስላለ እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከሆርማት ወንዝ ዳር ለስላሳና ያማረውን ድንጋይ አንሥቶ ብርኩታ ሊያደርግ የተነሣ ልጅ ከታላላቆቹ የሚቀምሰው ኩርኩም ነው። ደረቅ፣ ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ የኖረ ድንጋይ ይፈለጋል። የሻጭ መሐላ የሌለበት ገበያ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። መከሮናው የቀረበ ማታ ሁሉም የየራሱን ይዞ ተቀመጠ። ፀጥታ ሆነ። ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። መጀመሪያ እህቴ ከራሷ ሳህን በማንኪያ ቆርሳ ለትንሹ ልጇ አጎረሰች። ልጁ ከራሱ ለአያቱ። አያቱ የመጣላትን መልሳ ለእህቴ ልጅ፤ «አንቺ ነሽ የለፋሽው፣ እንቺ» ብላ። ጥቂት ቆይቶ የማን ሳህን የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስድስቱም መሐል ላይ ተገፍተው ትሪ ሆነዋል። የእህቴ ልጅ ከጅዳ እስከ ኮቦ በሻሽ ጠቅልላ ያመጣችው ሥርዓት በአንድ ጉርሻ ፈረሰ። አልከፋትም፤ ብቻ «ለመታጠብ ግን ስድስት ነው» አለች።

ዕቃዎቹ እውነተኛ ሥራቸውን ያገኙት ሌላ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ወሎ ላይ እንዲህ ሲሆን ማዕድ ቤት የሚገባ ሰው ሒሳብ ማወቅ አለበት። ጎረቤታችን ሐጂት አፍጥር ላይ ከእኛ ጋር ልትቀመጥ ነው። ለእሷ በቢስሚላህ ከታረደ በግ የተከተፈ ሥጋ ያለበት፤ ለጾመኞቹ ምስርና ድንች በዘይት፤ ጾም ላልደረሱት ሕፃናት ወተትና እንቁላል ያለበት መከሮና። በአንድ ድስት አይሆንም፣ በአንድ ትሪ አይሆንም። የየግል ሳህን ለካ የተጣላ ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሳይጣሉ የሚለያዩ ሰዎች አብረው እንዲቀመጡም ያገለግላል። ኦቨኑ አንድ፣ ትሪው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ሳህኑ የየራስ። ጣባውም ነጩም አንድ ላይ ተደረደሩ።

የእህቴ ልጅ እንዳይምታታ ብላ በጾሙ ላይ ቃሪያ፣ በሐጂት ላይ ቲማቲም አደረገች፤ የልጆቹን ባዶውን ተወች። ውሃ ልትቀዳ ወጣ ባለችበት ትንሹ ልጅ ትሪውን አየ። አንዱ ቃሪያ አለው፣ አንዱ ቲማቲም አለው፣ የእሱ ምንም የለውም። ፍርድ ሰጠ። ከሰፌዱ ላይ የተረፈውን ቃሪያና ቲማቲም ሁሉ አንሥቶ አከፋፈለ። ከላይ የዳቦ ፍርፋሪ ስለተነሰነሰባቸው ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ባለ ቃሪያና ባለ ቲማቲም ነበሩ። ሲጠየቅ ኮራ ብሎ «ለሁሉም እኩል አዳረስኩ» አለ።

እህቴ ትሪው ላይ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ማሽተት ጀመረች። ዘይት የሸተታትን ወደ ቀኝ፣ ወተት የሸተታትን ወደ ግራ። አንዳንዱ ላይ ቆየች፣ ተመለሰች፣ ተጠራጠረች። አዛን ተባለ። ሐጂት በቴምር ጾሟን ገድፋ ውሃዋን ጠጣች፣ የእኛን ሥራ ትንሽ ተመለከተች፣ ከዚያ ረጋ ብላ «አብሽሪ እህቴ» አለች። «ምስሩም ይበላል፣ መከሮናውም ይበላል፣ ሥጋውም የእኛ ነው። የተጠራጠራችሁትን ሁሉ ወደኔ አምጡት።» በዚያች ማታ ትሪው ላይ ያለውን በሙሉ መብላት የሚችል ብቸኛ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰችው ሐጂት ሆነች። ጾመኞቹ እንጀራ በአዋዜ በላን።

የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። ምልክቱ ከላይ ከሆነ ልጅ ይበላዋል ወይም ያድለዋል፣ ስለዚህ ዕቃው ራሱ መለየት አለበት ብላ አስባበታለች።

«እትዬ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣባ ነው የምፈልገው። ጆሮ ያለው ይሁን፣ ለፍስክ። ጆሮ የሌለውም ይሁን፣ ለጾም።»

«እሺ ልጄ።»

«ደግሞ ክዳን ያለው፣ ለሙስሊም እንግዶቻችን።»

«እሺ።»

«የልጆቹ አነስ ይበል። የአጎቴ ደግሞ ተለቅ ይበል፤ እሱ ቅምሻ ነው ይላል።»

ሴትዮዋ ጭቃ የያዘ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ቀና አለች። «ዓለሜ፣ ይሄ ለራት ነው ወይስ ከ99 ወዲህ የጠፋው የሕዝብ ቆጠራ በእኔ በኩል መጣ?» አለች። ቀብዱን ግን ተቀበለች።